የፊዚክስ ቀመሮችን እንዴት መምረጥ፣ መፈተሽና መጠቀም እንደሚገባ

አንድ የፊዚክስ ቀመር ሁለት ነገሮችን በግልጽ ይናገራል፤ የትኞቹ መጠኖች እንደሚገናኙና ግንኙነታቸው ምን ዓይነት እንደሆነ። ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም ግንኙነቱ የሚሠራው በምን ሁኔታ እንደሆነ፣ በቀመሩ መስመር ላይ አይጻፍም። ብዙ ተማሪዎች ቀመሩን በቃላቸው በሚገባ ይዘው ለፈተና ከቀረቡ በኋላ መልሱን የሚስቱት በአብዛኛው በዚህ ባልተጻፈው ነገር ምክንያት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ በመካኒክስ፣ በሙቀት፣ በኤሌክትሪክ፣ በሞገድና በዘመናዊ ፊዚክስ ውስጥ ዘወትር የሚያስፈልጉትን ቀመሮች ሲያቀርብ፣ እያንዳንዱን ከነሁኔታውና ከነመፈተሻው ያቀርባል። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችና ልጆቻቸውን የሚያስጠኑ ወላጆች በቅደም ተከተል ሊሠሩበት ይችላሉ።

ስለ ቃላት አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። እዚህ ኃይል ሲባል ፎርስ፣ ጉልበት ሲባል ኢነርጂ፣ አቅም ሲባል ፓወር፣ መጠነ ቁስ ሲባል ማስ፣ ሽምጠት ሲባል ደግሞ አክስለሬሽን ማለት ነው። ቀመሮቹ በፊደል ምልክት ሳይሆን በሙሉ ቃል ተጽፈዋል፤ አንድ ምልክት በአንዱ ምዕራፍ ሥራን፣ በሌላው ክብደትን ሊወክል ስለሚችል፣ መጠኑን በስሙ መጥራት የለመደ ሰው በምልክት አይደናገርም።

ደረጃ 1፦ የቀመር ወረቀቱን ማዘጋጀት

አንድ ትልቅ ወረቀት ይውሰዱና በአራት ዓምድ ይከፍሉት። በመጀመሪያው ዓምድ ቀመሩን፣ በሁለተኛው የእያንዳንዱን መጠን አሃድ፣ በሦስተኛው ቀመሩ የሚሠራበትን ሁኔታ፣ በአራተኛው ደግሞ በራስዎ እጅ ሠርተው ያረጋገጡትን አንድ ምሳሌ በቁጥር ይጻፉ። አራተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ቀመሩን ገና አላወቁትም ማለት ነው። ከመጽሐፍ ጀርባ ያለውን ሰንጠረዥ ፎቶ አንስቶ መያዝ ይህን ሥራ አይተካም፤ እዚያ ሦስተኛውና አራተኛው ዓምድ የሉምና።

ደረጃ 2፦ አሃዱን ማስተካከልና ቀመሩን በአሃድ መፈተሽ

ቁጥር ከመተካትዎ በፊት የተሰጡትን መጠኖች በሙሉ ወደ ዓለም አቀፉ የአሃዶች ሥርዓት ይቀይሩ፤ ርዝመት በሜትር፣ መጠነ ቁስ በኪሎግራም፣ ጊዜ በሰከንድ፣ ከረንት በአምፔር፣ የሙቀት መጠን በኬልቪን። ኪሎሜትር በሰዓት ወደ ሜትር በሰከንድ የሚቀየረው ለ3.6 በማካፈል ነው። ሴንቲሜትር ካሬን ወደ ሜትር ካሬ ሲቀይሩ የሚያካፍሉት ለ100 ሳይሆን ለ10,000 መሆኑን ያስተውሉ፤ በግፊት ጥያቄዎች ላይ ከሚፈጸሙ ስህተቶች መካከል ይህ ቀዳሚው ይመስለኛል። የአሃድ ጉዳይ ለጀማሪ ብቻ የሚነገር አይደለም። ናሳ ወደ ማርስ የላከው የአየር ንብረት ተመልካች መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋው፣ አንዱ ሶፍትዌር የሞተሩን ግፊት በፓውንድ ኃይል ሰከንድ አስልቶ ሲያቀብል ሌላው በኒውተን ሰከንድ አድርጎ በመቀበሉ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4.45 እጥፍ ነው።

አሃድ ቀመሩን ራሱን ለመፈተሽም ያገለግላል። የፔንዱለም አንድ ሙሉ ውዝዋዜ የሚወስደው ጊዜ እንዲህ ይሰላል፤

የውዝዋዜ ጊዜ = 2 × ፓይ × ስኩዌር ሩት (የገመዱ ርዝመት ÷ የስበት ሽምጠት)

በስኩዌር ሩቱ ውስጥ የሚካፈሉት የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ቢጠፋብዎት አሃዶቹን ብቻ ያስቀምጡ። ሜትር ለሜትር በሰከንድ ካሬ ሲካፈል ሰከንድ ካሬ ይቀራል፤ ስኩዌር ሩቱም ሰከንድ ይሆናል። ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ መልሱ አንድ በሰከንድ ይወጣ ነበር፤ ይህ ደግሞ ጊዜ አይደለም። የዚህ መፈተሻ ድክመት አሃድ የሌላቸውን ቁጥሮች አለማየቱ ነው። 2 × ፓይን ቢዘነጉ አሃዱ አይነግርዎትም። ለዚህ ነው አራተኛው ዓምድ የሚያስፈልገው፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም 2 ሰከንድ ገደማ እንደሚወስድ ጽፈው ከያዙ፣ 0.32 ሲወጣ የጎደለ ነገር እንዳለ ወዲያው ያውቃሉ። በሦስተኛው ዓምድ ላይ ደግሞ “ለትንሽ ማዕዘን ብቻ” ብለው ይጻፉ፤ ፔንዱለሙ በ10 ዲግሪ ሲወዛወዝ የቀመሩ ስህተት ከመቶ 0.2 ገደማ ሲሆን፣ በ60 ዲግሪ ሲወዛወዝ ግን ከመቶ 7 ያልፋል።

ደረጃ 3፦ የመካኒክስ ቀመሮች

የእንቅስቃሴ ሦስቱ ቀመሮች እነዚህ ናቸው፤

የመጨረሻ ፍጥነት = የመነሻ ፍጥነት + ሽምጠት × ጊዜ
ርቀት = የመነሻ ፍጥነት × ጊዜ + ½ × ሽምጠት × ጊዜ²
የመጨረሻ ፍጥነት² = የመነሻ ፍጥነት² + 2 × ሽምጠት × ርቀት

ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ በጥያቄው ውስጥ ያልተሰጠውንም ያልተጠየቀውንም መጠን ይፈልጉ። ርቀት ከሌለበት የመጀመሪያውን፣ የመጨረሻ ፍጥነት ከሌለበት ሁለተኛውን፣ ጊዜ ከሌለበት ሦስተኛውን ይውሰዱ። ሦስቱም የሚሠሩት ሽምጠቱ ከመነሻ እስከ መድረሻ ካልተለወጠ ብቻ ነው። ሽምጠቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ሦስቱንም ይተዉና ወደ ካልኩለስ ወይም ወደ ግራፍ ይሂዱ፤ በፍጥነትና በጊዜ ግራፍ ላይ የመስመሩ ተዳፋትነት ሽምጠትን፣ ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት ደግሞ የተጓዘውን ርቀት ይሰጣል፤ ይህም የእንቅስቃሴው አቅጣጫ እስካልተገለበጠ ድረስ፣ ሽምጠቱ ቢለዋወጥም እውነት ነው።

ሦስተኛው ቀመር ሹፌሮች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነገር ይዟል። ፍሬን ሲያዝ ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ሰከንድ በ5 ሜትር በሰከንድ የሚቀንስ መኪና እንውሰድ። በሰዓት 40 ኪሎሜትር ሲጓዝ፣ ማለትም በ11.1 ሜትር በሰከንድ፣ ለመቆም 12 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። በሰዓት 80 ሲጓዝ ግን 49 ሜትር ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ የሆነው ፍጥነቱ በቀመሩ ውስጥ በራሱ ተባዝቶ ስለገባ ነው፤ ሹፌሩ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ የሚያልፈው ርቀት ገና አልተቆጠረም። ቀመር ሲያዩ ከቁጥሩ በፊት ይህን ዓይነቱን ግንኙነት ማንበብ ይልመዱ።

እ.ኤ.አ. በ1687 በኒውተን የታተመው ሁለተኛው ሕግ እንዲህ ይላል፤

ጠቅላላ ኃይል = መጠነ ቁስ × ሽምጠት

በዚህ ቀመር ውስጥ ከባዱ ቃል “ጠቅላላ” የሚለው ነው። በአንድ አካል ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ሁሉ፣ ስበቱን፣ የወለሉን ግፊት፣ ሰበቃውን፣ የገመዱን ውጥረት፣ በቀስት ስለው አቅጣጫቸውን ለይተው ከደመሩ በኋላ ብቻ ወደ ቀመሩ ይግቡ። ሥዕል ሳይሥሉ የጀመሩት የኃይል ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ ይበላሻል። ኃይሉ በተዳፋት ላይ ከሆነ ሳይንና ኮሳይን ይመጣሉ፤

በተዳፋቱ በኩል ወደታች የሚስበው ኃይል = መጠነ ቁስ × የስበት ሽምጠት × ሳይን (የተዳፋቱ ማዕዘን)

ሳይን ነው ወይስ ኮሳይን የሚለው ከተምታታብዎት ጠርዞቹን ይሞክሩ። ማዕዘኑ ዜሮ ሲሆን መሬቱ ሜዳ ነው፤ ወደታች የሚስብ ነገር ሊኖር አይገባም፤ የዜሮ ሳይንም ዜሮ ነው። ማዕዘኑ 90 ሲሆን ዕቃው በገደል ይወድቃል፤ ሙሉ ክብደቱ ሊስበው ይገባል፤ የ90 ሳይንም 1 ነው። ኮሳይን ቢሆን ሁለቱም ይገለበጡ ነበር። ይህ የጠርዝ መፈተሻ በየትኛውም የፊዚክስ ክፍል ይሠራል፤ ጊዜ የሚወስደውም በጣም ጥቂት ነው።

ጥያቄው ጊዜንና አቅጣጫን ካልጠየቀ፣ የኃይልን መንገድ ትተው በጉልበት ይሥሩ፤

እምቅ ጉልበት = መጠነ ቁስ × የስበት ሽምጠት × ከፍታ
የእንቅስቃሴ ጉልበት = ½ × መጠነ ቁስ × ፍጥነት²

ከ20 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ሲደርስ ያለውን ፍጥነት ለማግኘት ሁለቱን እኩል ያድርጉ፤ መጠነ ቁሱ ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል፤ 2 × 9.8 × 20 ማለትም 392 ይመጣል፤ ስኩዌር ሩቱም 19.8 ሜትር በሰከንድ፣ በሰዓት 71 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ሁኔታው የአየርና የሌላ ሰበቃ ኢምንት መሆን ነው። ግጭት ባለበት ጥያቄ ግን በእንቅስቃሴ ጉልበት አይጀምሩ፤ ተጋጭተው የተጣበቁ ነገሮች የእንቅስቃሴ ጉልበታቸውን በከፊል ወደ ሙቀትና ወደ መጨማደድ ይለውጣሉ። ከውጭ የሚገፋ ኃይል እስከሌለ ድረስ የማይለወጠው ሞመንተሙ፣ ማለትም የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት ነው።

የስበት ሽምጠት 9.8 መሆኑ ራሱ የሚገኘው ከሌላ ቀመር ነው፤

የስበት ኃይል = የስበት ቋሚ × መጠነ ቁስ 1 × መጠነ ቁስ 2 ÷ በመካከላቸው ያለው ርቀት²

የስበት ቋሚው 6.67 × 10⁻¹¹፣ የመሬት መጠነ ቁስ 5.97 × 10²⁴ ኪሎግራም፣ የመሬት አማካይ ሬዲየስ 6.37 × 10⁶ ሜትር ነው። እነዚህን ራስዎ ተክተው 9.8 እንደሚወጣ ይዩት። ከዚያ በኋላ እምቅ ጉልበትን በ9.8 ማስላት የሚቻለው ከመሬት ገጽ ብዙ ላልራቀ ነገር ብቻ እንደሆነና ለሳተላይት እንደማይሠራ ማንም ሳይነግርዎት ይገባዎታል።

ደረጃ 4፦ የሙቀት ቀመሮች

የሙቀት ጉልበት = መጠነ ቁስ × ልዩ የሙቀት ይዘት × የሙቀት መጠን ለውጥ

ልዩ የሙቀት ይዘት አንድ ኪሎግራም ቁስን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ሲሆን፣ ለውኃ 4,200 ጁል ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 2 ኪሎግራም ውኃ ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 2 × 4,200 × 72፣ ማለትም 604,800 ጁል ያስፈልጋል፤ 1,500 ዋት ያለው ማሞቂያ ምንም ሳያባክን ቢሠራ በ403 ሰከንድ ያደርሰዋል። ይህ ቀመር የሚሠራው ቁሱ ከፈሳሽ ወደ ትነት ወይም ከጠጣር ወደ ፈሳሽ እስካልተለወጠ ድረስ ነው። መፍላት ከተጀመረ በኋላ የሙቀት መጠኑ አይጨምርም፤ የሚገባው ጉልበት ሁሉ ወደ ትነት ይሄዳል፤ ለአንድ ኪሎግራም ውኃ ወደ 2.26 ሚሊዮን ጁል ይፈልጋል። ስለዚህ ድስቱ ከፈላ በኋላ እሳቱን ማብዛት ምግቡን አያፈጥነውም፤ ውኃውን ብቻ ይጨርሰዋል።

የጋዝ ቀመር ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ፤

ግፊት × ይዘት = የሞል ብዛት × 8.314 × የሙቀት መጠን በኬልቪን

አንደኛው ወጥመድ ዲግሪ ሴልሺየስን እንዳለ መተካት ነው፤ ሁልጊዜ 273 ይደምሩ። ሁለተኛው ብዙም የማይነገረው የግፊት ጉዳይ ነው። የጎማ መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ሲሆን፣ ቀመሩ የሚፈልገው ሙሉውን ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ መለኪያው 220 ኪሎፓስካል ያሳየ ጎማ፣ የአካባቢው የአየር ግፊት 77 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ ውስጡ 297 አለው። ጎማው በጉዞ ከ27 ወደ 57 ዲግሪ ቢሞቅ በኬልቪን ከ300 ወደ 330፣ ማለትም በአሥር ከመቶ ጨመረ ማለት ነው፤ ጎማው ብዙም ካልተለጠጠ ሙሉው ግፊት 327 ይሆናል፤ መለኪያው ደግሞ 250 ያሳያል። በ220 ላይ በቀጥታ አሥር ከመቶ የደመረ ሰው 242 ያገኛል፤ ልዩነቱ የመጣው ካልተጻፈው ሁኔታ ነው።

ደረጃ 5፦ የኤሌክትሪክ ቀመሮች

እዚህ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ቀመር የመምረጥ ችሎታ እንደዚህ ክፍል በግልጽ የሚታይበት የለምና።

ቮልቴጅ = ከረንት × ሬዚስታንስ
አቅም = ቮልቴጅ × ከረንት
አቅም = ከረንት² × ሬዚስታንስ
አቅም = ቮልቴጅ² ÷ ሬዚስታንስ

የመጀመሪያው ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተወለዱ ስለሆኑ አዲስ ነገር አይናገሩም። ታዲያ ለምን ሦስት የአቅም ቀመር ያስፈልጋል? መልሱ በጥያቄው ውስጥ ሳይለወጥ የሚቆየው መጠን የትኛው እንደሆነ ላይ ነው።

በ220 ቮልት 3,300 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ እንውሰድ። ከረንቱ 3,300 ÷ 220፣ ማለትም 15 አምፔር ነው። የምጣዱ ሽቦ ሬዚስታንስ ደግሞ 220 ÷ 15፣ ማለትም 14.67 ኦም ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢሠራ 6.6 ኪሎዋት ሰዓት በቆጣሪው ላይ ይመዘገባል፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.6 ሚሊዮን ጁል ነው። አሁን ምሽት ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ ቮልቴጁ ወደ 180 ወረደ እንበል። ምጣዱ ስንት ዋት ይወስዳል?

ብዙ ሰው ሁለተኛውን ቀመር አንሥቶ 180 × 15 ብሎ 2,700 ዋት ያገኛል። ስህተቱ 15 አምፔሩ ሳይለወጥ ይቆያል ብሎ ማሰቡ ነው። ሳይለወጥ የሚቆየው የሽቦው ሬዚስታንስ ነው፤ ስለዚህ የሚመረጠው አራተኛው ቀመር ነው። 180 በራሱ ሲባዛ 32,400፣ ለ14.67 ሲካፈል 2,209 ዋት ገደማ ይሰጣል። ለማረጋገጥ ከረንቱን እንደገና ያስሉ፤ 180 ÷ 14.67 ማለት 12.27 አምፔር ነው፤ በ180 ሲባዛም ያው 2,209 ይመጣል። ቮልቴጁ ከመቶ 18 ሲቀንስ አቅሙ ከመቶ 33 ቀነሰ። ምጣዱ ከሦስት እጁ አንዱን ሙቀት አጥቷል፤ ሊጡ የቱንም ያህል በደንብ ቢቦካ እንጀራው ዓይን የማያወጣበት፣ ጋጋሪዋም አንዱን ከአንዱ አርቃ ምጣዱ እስኪግል የምትጠብቅበት ምክንያት በዚህ ካሬ ውስጥ አለ።

ይህ ስሌት የሽቦው ሬዚስታንስ ቋሚ ነው በሚል ሁኔታ ላይ የቆመ ነው። የምጣድና የምድጃ ሽቦ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ኒክሮም ሲግል ሬዚስታንሱ በጥቂቱ ብቻ ስለሚጨምር ግምቱ ጥሩ ነው። የድሮው ባለክር አምፖል ግን እንደዚያ አይደለም፤ የተንግስተን ክሩ ሲበራ ሬዚስታንሱ ከቀዝቃዛው ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል። አምፖሉን አጥፍቶ በመለኪያ የለካውን ሬዚስታንስ በአራተኛው ቀመር የተካ ሰው በጣም የተጋነነ ዋት የሚያገኘው ለዚህ ነው።

በመስመር ሽቦ ላይ የሚባክነውን ሙቀት ለማስላት የሚያገለግለው ደግሞ ሦስተኛው ቀመር ነው፤ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት እናውቃለንና። እዚህ ላይ አራተኛውን ቀመር ተጠቅሞ 220 ቮልትን መተካት ከባድ ስህተት ነው፤ 220 ቮልቱ በምጣዱና በሽቦው ላይ በአንድነት ያረፈ እንጂ በሽቦው ላይ ብቻ ያረፈ አይደለም። በማናቸውም የኤሌክትሪክ ቀመር ውስጥ የሚገቡት ቮልቴጅ፣ ከረንትና ሬዚስታንስ የአንድ ዕቃ መሆን አለባቸው። ሬዚስታንሶች ተከታትለው ሲገጠሙ ከረንታቸው አንድ ነው፤ ጎን ለጎን ሲገጠሙ ቮልቴጃቸው አንድ ነው። ከዚህ ዓረፍተ ነገር በመነሣት የሁለቱንም የድምር ቀመር ራስዎ ማውጣት ይችላሉ።

ደረጃ 6፦ ሞገድና ብርሃን

ፍጥነት = ድግግሞሽ × የሞገድ ርዝመት

የብርሃንና የሬዲዮ ሞገድ ፍጥነት በባዶ ጠፈር 299,792,458 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ለስሌት 3 × 10⁸ ይበቃል። በ97.1 ሜጋኸርዝ የሚያሰራጭ የኤፍኤም ጣቢያ የሞገድ ርዝመቱ 3.09 ሜትር ነው፤ የዚህ ሩብ 77 ሴንቲሜትር ስለሆነ የሬዲዮ አንቴናን በዚያ ልክ ገደማ መዘርጋት ጥሩ አቀባበል ይሰጣል። ሞገዱ ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ ፍጥነቱና የሞገድ ርዝመቱ ይለወጣሉ፤ ድግግሞሹ አይለወጥም።

1 ÷ የትኩረት ርቀት = 1 ÷ የዕቃው ርቀት + 1 ÷ የምስሉ ርቀት

የሌንስ ቀመር ላይ የትኩረት ርቀቱ 20፣ የዕቃው ርቀት 30 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ 1/20 ሲቀነስ 1/30 እኩል 1/60 ይሆናል። መልሱ 60 ሴንቲሜትር ነው፤ በፈተና ጥድፊያ 1/60 ላይ የሚያቆም ተማሪ ብዙ ነው። በየመጽሐፉ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ስምምነት ስለሚለያይ፣ አንዱን መርጠው በሦስተኛው ዓምድ ይጻፉና አይቀላቅሉ።

በብርሃን ስብረት ቀመር ደግሞ የአንዱ ወገን ስብረት ቁጥር፣ ማለትም ብርሃን በዚያ ቁስ ውስጥ ከባዶ ጠፈር ይልቅ ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ የሚነግረው ቁጥር፣ ለወለሉ ቀጤ ነክ ከሆነው መስመር በሚለካው ማዕዘን ሳይን ሲባዛ ከሌላው ወገን ብዜት ጋር እኩል ነው። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ከ49 ዲግሪ ገደማ በላይ በሆነ ማዕዘን ቢያስሉ የሚያገኙት ሳይን ከ1 ይበልጣል፤ ካልኩሌተሩም ስህተት ብሎ ይመልሳል። የተሳሳቱት እርስዎ አይደሉም። ብርሃኑ ወደ አየር አይወጣም፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ የፋይበር ኬብል ብርሃንን በውስጡ ይዞ የሚጓዘውም በዚህ መንገድ ነው።

ደረጃ 7፦ ዘመናዊ ፊዚክስ

የፎቶን ጉልበት = 6.626 × 10⁻³⁴ × ድግግሞሽ
ጉልበት = መጠነ ቁስ × የብርሃን ፍጥነት²

ሁለተኛው አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው ነው። የአንድ ግራም መጠነ ቁስ 9 × 10¹³ ጁል ይሰጣል፤ ግራሙን ወደ 0.001 ኪሎግራም መቀየርዎን አይርሱ። ቀመሩ የሚያገለግለው በኑክሌር ሂደት ውስጥ የጠፋውን የመጠነ ቁስ ልዩነት ለማስላት ነው፤ ከድንጋይ ከሰል የሚገኘውን ሙቀት በዚህ ቀመር በሙሉ ክብደቱ ማስላት አይቻልም።

የቀረ መጠን = የመነሻ መጠን × (½) በርቢ (ጊዜ ÷ ግማሽ ዕድሜ)

ግማሽ ዕድሜ ማለት ከነበረው መጠን ግማሹ እስኪቀር የሚወስደው ጊዜ ሲሆን፣ የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ነው። በ50,000 ዓመት 8.7 ያህል ግማሽ ዕድሜዎች ስለሚያልፉ የሚቀረው ከሺህ 2.4 ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ዕድሜ ያለውን ነገር በዚህ መንገድ መለካት እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ሉሲ፣ ድንቅነሽ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረች ስለሆነች በካርቦን 14 ሊለካ የሚችል አንዳች ነገር የላትም፤ ወደ 558 ግማሽ ዕድሜዎች አልፈዋል። ዕድሜዋ የታወቀው በአካባቢዋ ያሉትን የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች በአርጎን ዘዴ በመለካት ሲሆን፣ ይህ ዘዴ የሚመረኮዝበት ፖታሲየም 40 ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ቀመሩ በሁለቱም ላይ ያው ነው፤ ለሚለካው ዕድሜ የሚመጥነውን ሰዓት መምረጥ ግን የተመራማሪው ድርሻ ነው።

ደረጃ 8፦ ክፍሎቹን በአንድ ጥያቄ ማገናኘት

በመጨረሻ፣ ከአንድ በላይ የፊዚክስ ክፍል የሚነካ ጥያቄ ራስዎ ያዘጋጁና ይሥሩ። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የተተከለ አቅም ያለው ሲሆን፣ ከ13ቱ ተርባይኖች 11ዱ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋዋት ናቸው። ውኃው ከተርባይኑ በላይ ያለው ከፍታ 130 ሜትር፣ የተርባይኑና የጄኔሬተሩ ውጤታማነት ከመቶ 90 ነው ብለን ብንነሣ፣ አንዱ ባለ 400 ሜጋዋት ተርባይን በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውኃ ይፈልጋል?

ቀመሩን ከመጽሐፍ መፈለግ አያስፈልግም። እምቅ ጉልበት መጠነ ቁስ በስበት ሽምጠት በከፍታ ነው፤ አቅም ደግሞ ጉልበት በሰከንድ ነው፤ የውኃው መጠነ ቁስ በሰከንድ እፍግታው፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ያለው ኪሎግራም፣ በፍሰቱ ሲባዛ ነው። ስለዚህ፤

አቅም = እፍግታ × የስበት ሽምጠት × ፍሰት × ከፍታ × ውጤታማነት

አሃዱን ይፈትሹ፤ ኪሎግራም በሜትር ኩብ፣ ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ ሜትር ኩብ በሰከንድ እና ሜትር ሲባዙ ኪሎግራም ሜትር ካሬ በሰከንድ ኩብ፣ ማለትም ዋት ይሰጣሉ። ከዚያ 400,000,000ን ለ1,000 × 9.8 × 130 × 0.9 ያካፍሉ፤ 349 ሜትር ኩብ በሰከንድ ገደማ ይወጣል።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንለፍ። ይህ 400 ሜጋዋት በ500 ኪሎቮልት መስመር ሲላክ አቅምን በቀጥታ ለቮልቴጅ አካፍሎ 800 አምፔር ማለት ትክክል አይደለም፤ መስመሩ ባለሦስት ፌዝ ተለዋዋጭ ከረንት ስለሆነ በስኩዌር ሩት 3፣ ማለትም በ1.732 ጭምር ይካፈላል። ቮልቴጁና ከረንቱ እኩል የሚወዛወዙ ከሆነ በእያንዳንዱ ፌዝ 462 አምፔር ያልፋል። ያው አቅም በ230 ኪሎቮልት ቢላክ ከረንቱ 1,004 አምፔር ይሆናል። በሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀት በከረንቱ ካሬ ስለሚሄድ፣ ከረንቱ 2.17 እጥፍ ሲሆን ብክነቱ በተመሳሳይ ሽቦ ላይ 4.7 እጥፍ ይሆናል።